በዘጠኝ እንጨት የሠራሁት የበግና የፍየል መስቀያ

የፋሲካ ሌሊት ነው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በጉ ታርዷል። የኋላ እግሮቹ ታስረው ግቢያችን ውስጥ ካለው የድሬዳዋ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። አባቴ ቆዳውን እስከ ወገቡ ገፎ ቢላዋውን ሊስል ዞር አለ። ያኔ ቋ የሚል ድምፅ ሰማን። ቅርንጫፉ ከነበጉ መሬት ላይ ተዘርግቷል። አባቴ ዞር ባይል ኖሮ አናቱ ላይ ነበር የሚያርፈው።

አሸዋ ላይ የወደቀ ሥጋ ምን እንደሚሆን የድሬ ሰው ያውቃል። የተገፈፈ ሥጋ እርጥብ ነው፣ አሸዋው ይጣበቅበታል፣ ብታጥቡት ደግሞ ጭራሽ ወደ ውስጥ ይገባል። እናቴ በቢላ ስትፍቅ አነጋች። እንዲያም ሆኖ የዚያን ዓመት ጥብስ ጥርሳችን ላይ እየተንኮሻኮሸ ነው የበላነው። እኔን ግን ከሥጋው ይልቅ ያስደነገጠኝ የአባቴ ነገር ነው። ዕድሜው ገፍቷል፣ ወገቡንም ያመዋል። በዚያው ሳምንት መስቀያ ለመሥራት ወሰንኩ።

ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ከሸፈ። ሁለተኛው ግን ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው፣ ፋሲካም ገናም አረፋም አልፎበታል፣ አልተነቃነቀም። እንደኔ ሁለት ጊዜ እንዳትለፉ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ዛፉ ልበል። የድሬዳዋ ዛፍ፣ ያ ቀይ አበባ የሚያወጣው፣ ለጥላ የሚያህለው የለም፣ እንጨቱ ግን ለስላሳ ነው። ወፍራም የሚመስል ቅርንጫፍ እንኳ ሳይታሰብ ይገነጠላል። ኒም ይሻላል፣ ግን ትክክለኛ ከፍታ ላይ አግድም የወጣ ቅርንጫፍ ያለው ኒም ስንት ግቢ ውስጥ አለ? ብዙ ሰው የውጭ በሩ ብረት ላይ ይሰቅላል። ብረቱ ዝገትና ቀለም አለው፣ ሥጋው እየታከከው ይውላል፣ ከቤት የሚወጣና የሚገባ ሁሉ ደግሞ በሥጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። የበረንዳ ማገር ላይ መስቀልም አይቻለሁ። ማገሩ የተሠራው ቆርቆሮ ሊሸከም ነው፣ አቦ፣ በግ ሊሸከም አይደለም።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከቪዲዮ ነው። ውጭ አገር አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ያደኑትን አምጥተው ጓሯቸው ውስጥ በእንጨት ቋሚ ላይ ሲሰቅሉ አየሁ። ሁለት ቋሚ፣ ላያቸው ላይ አግድም የተጋደመ አንድ ወራጅ፣ በቃ። አጋዘን ከኛ በግ ይረዝማል፣ ይከብዳልም፣ ስለዚህ የነሱ እንጨት ግንድ ነው የሚያህለው። አንድ ሌላ ልዩነትም አለ፣ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያውን የኳስ ጎል አስመስዬ ሠራሁት። ሁለት አጣና 40 ሳንቲ ሜትር ቆፍሬ ቀበርኩ፣ ላያቸው ላይ አንድ አግድም አድርጌ በሚስማር መታሁ። ያን ቀን ጠንካራ ነበር፣ ተንጠልጥዬበት ሁሉ ሞክሬዋለሁ። ችግሩ በሦስት ወር ውስጥ መጣ። አንደኛ፣ አጣናው ሲገዛ እርጥብ ነበር። በድሬ ሙቀት ቶሎ ደረቀና ከጫፉ ተሰነጠቀ፣ ሚስማሩም የተሰነጠቀው ቦታ ላይ ስለነበር ላላ። ሁለተኛ፣ የኛ ግቢ አፈር አሸዋማ ነው፣ ቋሚውን አጥብቆ አይዝም። ገመዱን በሳባችሁ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ሦስተኛው ምስጥ ነው። የተቀበረውን ጫፍ ስነቅለው እንደ ብስኩት ፍርፍር አለ። የገና በግ ሲሰቀልበት ሁለቱም ቋሚዎች ወደ አንድ ጎን ዘመም አሉ። እኔና ወንድሜ ደግፈን ይዘን ነው ያስጨረስነው።

የሚቀበር ነገር ተውት። መሬት ላይ በራሱ የሚቆም፣ እግሩን የከፈተ ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው እንዲህ ነው። አራት እግር፣ አንድ ወራጅ፣ ሁለት አግዳሚ፣ ሁለት ሰያፍ ደጋፊ። በአጠቃላይ ዘጠኝ እንጨት። ሁሉም ባህር ዛፍ ነው። ከደጋው፣ ከደንገጎ በላይ ካለው አገር፣ በኢሱዙ እየተጫነ የሚወርደውን አጣና እንጨት መሸጫ ቦታ ታገኙታላችሁ። ስትመርጡ ቀጥ ማለቱን ብቻ አትዩ። ጫፉን ገልብጣችሁ እዩት፣ ከመሃል ወደ ዳር የሄደ ስንጥቅ ካለው ተዉት። ከተቻለ የደረቀ ግዙ። ካልተገኘ ቅርፊቱን ልጣችሁ ጥላ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ አጋድማችሁ ጥቂት ሳምንት አቆዩት። ፀሐይ ላይ አታድርቁት፣ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ቅርፊቱን መላጥ ግዴታ ነው፤ ሥሩ ነፍሳት ይደበቃሉ፣ ደምና ስብም ይገባበታል።

ልኩን ልንገራችሁ። እግሮቹ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ከ50፣ ውፍረታቸው 8 እስከ 10 ሳንቲ። ወራጁ 3 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 እስከ 12 ሳንቲ። ሁለቱን እግሮች ከላይ ጫፋቸው 20 ሳንቲ ወረድ ብላችሁ ታቆላልፏቸዋላችሁ፣ ልክ እንደ መቀስ። እግራቸውን መሬት ላይ 1 ሜትር ከ40 ስትከፍቱት መቆላለፊያው 2 ሜትር ከ20 አካባቢ ከፍታ ላይ ይሆናል። ይሄ ለኔ ቁመት ልክ ነው። በግ ከኋላ እግሩ ሲሰቀል ርዝመቱ ከ1 ሜትር ከ30 ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ አንገቱ ከመሬት ከ50 ሳንቲ በላይ ይቀራል። አቧራ አይደርስበትም፣ ድመትም አትልሰውም። አጠር ያላችሁ ከሆናችሁ ቀንሱት። እጃችሁን ወደ ላይ ስትዘረጉ ወራጁን በመዳፋችሁ መጨበጥ ከቻላችሁ ልኩ እሱ ነው።

መቆላለፊያው የሁሉም ነገር ልብ ነው። እዚህ ጋ ሚስማር አትጠቀሙ። ባለ 12 ሚሊ ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው (ከዳዶው ሥር የሚገባው ቀዳዳ ያለው ስስ ክብ ብረት) ግዙ። ሁለቱ እንጨቶች የሚገናኙበትን ጎን በመጥረቢያ ትንሽ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ ያኔ አይንሸራተትም፣ ብሎኑም ማጠሩ አይቸግራችሁም። በድሪል በስታችሁ ብሎኑን አስገቡ፣ በሁለቱም ጫፍ ሮንዴላ አድርጉ። ሮንዴላ ከሌለው ዳዶው እንጨቱን እየበላ ይገባል። ረጅም ብሎን ካጣችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርስ የወጣለት ዘንግ ይሸጣል፣ እሱን አስቆርጣችሁ በሁለቱም በኩል ዳዶ አስሩበት። ብሎን ሌላም ጥቅም አለው። እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ ይቀጥናል፣ ያኔ በቁልፍ ጠበቅ ማድረግ ነው። ሚስማርን እንዲህ አታደርጉትም።

ከዚያ እያንዳንዱን ጥንድ እግር ወገባችሁ አካባቢ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብላችሁ፣ በአግዳሚ ያዙት። አግዳሚው 1 ሜትር ገደማ ርዝመት ይበቃዋል። ይሄም በብሎን ነው፣ ባለ 10 ሚሊ ይበቃል። አግዳሚው ካለ እግሮቹ ሸክም ሲመጣባቸው ወደ ውጭ አይንሸራተቱም። ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ወለል ላይ የምታቆሙት ከሆነ ይሄን በፍጹም አትዝለሉ።

ወራጁ ከላይ ሹካ በሆነው ቦታ ላይ ይቀመጣል። በጥቁር ሽቦ ደርባችሁ አራት አምስት ዙር ጠምጥሙና በፒንሳ አጥብቁት። የሽቦውን ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፉት። አንዴ ሳላጥፈው ቀርቼ የወንድሜን ክንድ ሰንጥቆታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ይመጣል። እስካሁን የሠራነው ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይወድቅም፣ ወደ ጎን ግን፣ በወራጁ አቅጣጫ፣ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ሊታጠፍ ይችላል። በግ ሲገፈፍ ደግሞ ቆዳው ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሳባል። ለዚህ ነው ሁለቱ ሰያፍ ደጋፊዎች የሚያስፈልጉት። ከእያንዳንዱ አግዳሚ መሃል ተነስቶ ወራጁን 60 ሳንቲ ገባ ብሎ የሚይዝ አጣና፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40 ገደማ። ከላይም ከታችም በብሎን። ይሄን ስታስሩ እዩት፣ ቅድም ሲወዛወዝ የነበረው እንጨት ድንገት ዝም ይላል። እኔ እጄን ወራጁ ላይ አድርጌ ስነቀንቀው ምንም የለም። የዚያን ቀን ደስታዬን እዚህ መጻፍ አልችልም።

ወራጁ በሁለቱም ጫፍ ከሹካው ትንሽ ወጣ ስለሚል፣ በደጋፊዎቹ መሃል 1 ሜትር ከ40 ያህል ክፍት ቦታ ይቀራል። ሁለት በግ ጎን ለጎን ይሰቀልበታል።

ከመጠቀማችሁ በፊት ፈትኑት። እኔ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ሰቀልኩበት፣ 80 ኪሎ ማለት ነው፣ አሳደርኩት። ጠዋት ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጠበቅሁ። በግ ሲሰቀል ገና ከነቆዳውና ከነሆድ ዕቃው ነው፣ ስለዚህ 80 ኪሎ የቻለ የቁም ክብደታቸው ተደምሮ ከዚያ የማይበልጥ ሁለት በጎችን ይችላል። የበሬ ነገር ግን ሌላ ነው። የሐረርጌ ሰንጋ በዚህ ላይ አይሰቀልም፣ አትሞክሩት። ለቅርጫ በሬ ብልቱ ከወጣ በኋላ አንድ ወርች ወይም አንድ ታፋ ለይታችሁ ብትሰቅሉ ግን ያግዛችኋል።

መንጠቆውን ብየዳ ቤት ነው ያሠራሁት። ልሙጥ ባለ 10 ሚሊ ፌሮ፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ታጥፈው ሹል የሆኑ፣ መሃሉ ላይ ገመድ የሚገባበት ቀለበት ያለው። ልሙጥ ይሁን ያልኩት በምክንያት ነው፤ ያ ሸንተረር ያለው ፌሮ ደም ይይዛል፣ ለማጠብም አይመችም። ብረት ማሠራት ካልፈለጋችሁ ደረቅ የወይራ ዱላ ሁለቱን ጫፍ አሹሉት፣ አባቶቻችን እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ወይራ አይክድም። ጫፉ የሚገባው ከኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት በላይ፣ በአጥንቱና በወፍራሙ ጅማት መሃል ባለው ስስ ቦታ ነው። ቦታውን ስትበሱ ጅማቱን እንዳትቆርጡት። ከተቆረጠ በጉ በዚያ በኩል ይወድቃል።

ገመዱ ወራጁ ላይ ዞሮ ይወርድና የመስቀያው እግር ላይ በተመታ ትልቅ ሚስማር ይታሰራል። በዚህ ከፍ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። ታፋውን ስትገፍፉ የኋላ እግሩ ደረታችሁ ትይዩ ይሁን። ቆዳው እየወረደ ሲሄድ ገመዱን ሳቡና ከፍ አድርጉት። አባቴ አሁን ጎንበስ ሳይል፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚገፈው። ድሮ መሬት ላይ ሲገፍ ሲጨርስ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚነሳው።

መስቀያው ካለ በአፍ እየነፉ ቆዳ ማላቀቅም አያስፈልግም። የሰው ትንፋሽ ሥጋ ውስጥ ምን ያደርጋል? ቆዳውን በአንድ እጅ ወደ ታች ወጠር አድርጋችሁ በሌላው በጡጫ ግፉት፣ ይለቃል። ቢላ የሚያስፈልገው እግሩ፣ ጭራው ሥርና አንገቱ አካባቢ ብቻ ነው።

ሆዱን ስትከፍቱ ሁለት ጣታችሁን አስቀድማችሁ የቢላውን ስለት ወደ ውጭ አድርጉ። የቢላው ጫፍ ጨጓራውን ከነካው ሥጋው ሁሉ ይበላሻል። ጉሮሮውንና የፊንጢጣውን በኩል ቀድማችሁ በክር እሰሩ። ሥር ሰፊ ሳፋ አስቀምጡ፣ ሆድ ዕቃው ራሱ ተንሸራቶ ይወርዳል። ሐሞቱን ከጉበቱ ስትለዩ ቀስ በሉ። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ያን ክፍል ለውሻ አትጣሉ። ትሉ ውሻው ሆድ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ልጆች ይመጣል። በደንብ አጥልቃችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። እነዚያ አጋዘን የሚሰቅሉት ሰዎች ብርድ አገር ስለሆኑ ለቀናት ይተዉታል፣ ሥጋው እንዲለሰልስ። ድሬ ላይ ይሄ አይሞከርም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው፣ በሚያዝያ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ትፋጃለች። ሐረር ያላችሁ 700 ሜትር ያህል ከኛ በላይ ስለሆናችሁ ትንሽ ፋታ አላችሁ፣ ግን እናንተም አታሳድሩት። እኛ ጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ታርዶ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ሥጋው ተበልቶ፣ ማለት ብልት ብልቱ ወጥቶ፣ ፍሪጅ ገብቷል። የሚተርፈው ለቋንጣ ይዘለዘላል። ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ ደረቱን በአንድ ንጹሕ አጭር እንጨት ከፈት አድርጋችሁ ያዙት፣ ነፋስ ገብቶ ሙቀቱ ይወጣል። እንደዚያ ሆኖ አንድ ሰዓት ያህል ይንጠፍጠፍ፣ ይበቃዋል።

ዝንብ ከመጣ በንጹሕ አቡጀዲ ሸፍኑት። አጎበር የሚያለብሱ አይቻለሁ። ለወባ የሚታደለው አጎበር መድኃኒት የተነከረ ነው፣ ሥጋ ላይ አይደረግም፣ እባካችሁ።

መስቀያው ከተሠራ በኋላ ግቢያችን ብቻ አልቀረም። ከጎናችን ያሉት ሐጂ ለአረፋ ሁለት ፍየል ነበራቸው። ዋዜማው ቀን ሽርጣቸውን አገልድመው መጥተው በወራጁ ሥር ቆመው ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይቺን ነገር ለነገ ታውሰኛለህ?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ምን ጥያቄ አለው፣ የራስዎ ናት።»

ወራጁን በፈላ ውሃና በሳሙና ፈትጌ፣ ከወንድሜ ጋር ተሸክመን ወሰድንላቸው። ገመድና መንጠቆ ግን የየራሳችን ነው። የነሱ ለነሱ፣ የኛ ለኛ፣ በተለያየ ከረጢት። ይሄ በኛ አገር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሥጋችን ለየብቻ ነው፣ ስለዚህ ሥጋ የሚነካው ዕቃም ለየብቻ ቢሆን ለሁሉም ልብ ይመቻል። ሐጂ መስቀያውን ሲመልሱ ወራጁ ላይ አራት ሚስማር ተመትቶበት አገኘሁት። ሁለቱ ፍየሎች ሲገፈፉ ገመዳቸው እየተንሸራተተ መሃል ላይ ተጋጭተው አስቸግረዋቸው ነበር፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ገመድ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሚስማር ብቅ አድርገው መቱበት። እኔ ወራጁን ለመጥረብ አስቤ ነበር፣ ግን መጥረብ እንጨቱን ያደክመዋል። የሳቸው ይበልጣል፣ እንዲሁ አድርጉት። ሚስማሩን ከመምታታችሁ በፊት በቀጭኑ ብሱት፣ አለዚያ ይሰነጥቀዋል።

በዓሉ ሲያልፍ ይፈታል። ሁለት ሰው 20 ደቂቃ አይፈጅበትም። ወራጁን ታጥቦ ፀሐይ ካገኘ በኋላ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። እግሮቹን ከታች አንድ ስንዝር ያህል የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቧቸው፣ ምስጥ አይደፍርም። ዘይቱ ከዚያ በላይ እንዳይወጣ፣ ወራጁንማ ጭራሽ እንዳይነካ፣ ሽታው ሥጋ ላይ ይገባል። እንጨቶቹን መሬት ላይ ሳይሆን ሁለት ብሎኬት ላይ አጋድሟቸው።

ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላዎቹን ዘይት ነክራችሁ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ክደኑና ከመንጠቆው ጋር አንድ ቦታ አስቀምጡ። እኔ ጣሳው ላይ በማርከር «የመስቀያ» ብዬ ጽፌ ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው የማኖረው። የፋሲካ ዋዜማ ማታ አንድ ዳዶ ጠፍቶብኝ ከሱቅ ሱቅ ተንከራትቻለሁ፣ ሁሉም ዘግቶ ነበር። አሁን ሁለት መለዋወጫ ዳዶ ጨምሬበታለሁ።